ምሳሌ ሦስት፦ ባለጫማዋ ሴት

የወንድሜ ሚስት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ማባዣ ክፍል ነው የምትሠራው። ከአሥረኛ ክፍል ትምህርት አቋርጣ በጽዳት ተቀጠረች፤ ከዚያ አንድ ቀን የማባዣው ሠራተኛ ሲቀር ማሽኑን አስነስታ ተገኘችና እዚያው አስቀሯት። እዚያ ከገባች ይኸው ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። የጣቶቿ ጫፍ ከቀለሙ ዱቄት የተነሳ ጠቁሮ ስለቀረ ተማሪዎቹ «እማማ ቶነር» ይሏታል። እኔ እትዬ ነው የምላት። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ የምንኖረው አብረን ነው። እሷ ጠዋት ትወጣለች፣ እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ የሰው ልብስ እጠግናለሁ።

ማባዣ ክፍሉ ምድር ቤት፣ ደረጃው ሥር ነው። ሁለት ማሽን አለው። አንዱ አዲስ ነው፣ ለፈተና ብቻ ይነሳል። ሌላው ወረቀት የሚበላ አሮጌ ነው፤ እትዬ «አሮጊቷ» ትለዋለች። ስትገባ «አሮጊቷ ዛሬ ጥርሷን አሟታል» ካለችኝ እጆቿ እስከ ክርኗ ጠቁረዋል ማለት ነው።

ወንድሜ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። የሞተ ቀን ጠዋት፣ አዲስ ሕንፃ ላይ ሥራ ሊረከብ ስለነበር ቡናማውን የቆዳ ጫማውን አወጣ። አቧራ ለብሷል።

«ጥረጊልኝ እስቲ፣ ረፍዶብኛል» አላት።

እሷም ለሥራ እየተጣደፈች ነበርና «እጅህን ምን በላው?» አለችው።

ሳቀ። ከነአቧራው አጥልቆት ወጣ። ረፋዱ ላይ የሕንፃው ደረጃ ላይ ልቡ ቀጥ አለ። ጫማውን ከሆስፒታል በፌስታል የተቀበልኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ያንን ጫማ ቀለም ትቀባለች፣ በጨርቅ ትወለውላለች፣ አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙራ በሩ ሥር ታቆመዋለች። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም። ያን ቀን ጠዋት እኔም እዚያው ቤት ስለነበርኩ መጠየቅ አያስፈልገኝም።

ወንድሜ ከሞተ አራት ወር ግድም ሲሆነው አንድ መምህር ሊያባዛ መጣ። የሳይኮሎጂ አስተማሪ ነው። ሰው ሲያወራ አንገቱን ዘንበል አድርጎ «እህ... እህ...» ስለሚል ተማሪዎቹ «መምህር እህ» ብለው ሰይመውታል። አሮጊቷ ወረቀቱን ነክሳ ያዘችበትና መጠበቅ ግድ ሆነበት። ጥቁር ልብሷን አይቶ «እንዴት ነው፣ እየጠነከሩ ነው?» አላት። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው ሁሉ «ነፍሱን ይማር» ብሎ ወረቀቱን እየሰበሰበ የሚሮጥ ነበር። እሱ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የጫማውን ነገር ነገረችው። ለምን እንደምትጠርገው ግን አልነገረችውም፤ አፏ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«አይዞዎት» አላት። «ጊዜ ይወስዳል።»

ያን ማታ ስትገባ ፊቷ ፈታ ብሎ ነበር። «ዛሬ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አዳመጠኝ» አለችኝ። እውነቱን ልናገርና ትንሽ ቀናሁ። እኔ አብሬያት እየኖርኩ ቁጭ ብዬ አላዳመጥኳትም ነበርና።

ሁለት ዓመት አለፈ። የትምህርት ዘመኑ ሲከፈት መምህር እህ አንድ ሃንዳውት አምጥቶ አስቀመጠላት። «የሳይኮሎጂ መግቢያ፣ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች» ይላል። አንድ መቶ ሠላሳ ሁለት ቅጂ። እትዬ የምታባዛውን አታነብም። መስመሩ ጠርቶ መውጣቱን፣ ጠርዙ አለመቆረጡን ነው የምታየው። ያን ቀን ግን አሮጊቷ ሰባተኛውን ገጽ ነከሰች። እትዬ ወረቀቱን ጎትታ አወጣችው፣ ጠረጴዛው ላይ በመዳፏ አስተካከለችው፣ ዓይኗም አረፈበት።

ወረቀቱ አሁንም እኔ ዘንድ ስላለ እንዳለ እጽፈዋለሁ፦

«ምሳሌ ሦስት። በአንድ መሥሪያ ቤት የምትሠራ፣ ዕድሜዋ ሃምሳ የሚሆን ሴት ባሏ ሞቶባታል። ሴትየዋ በየሳምንቱ የሟቹን ጫማ ቀለም ቀብታ አፍንጫውን ወደ ውጭ በማዞር በሩ ሥር ታቆመዋለች። ባሏ ተመልሶ ጫማውን አድርጎ የሚወጣ ይመስላታል። ይህ እውነታን መካድ ይባላል። ብዙ ባልተማሩ ሰዎች ዘንድ ይዘወተራል።»

አንድ መቶ ሠላሳ ሁለቱንም አባዛችው። ሥራዋ ነዋ። የተጨማደደውን ግን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ይዛው መጣች። መርፌዬን ትራስ ላይ ሰክቼ አነበብኩት።

«ይመስላታል?» አልኩ። «ማን ነው ‹ይመስላታል› ያለው? አንቺ ነሽ ያልሽው?»

«አላልኩም።»

«ነገ ሄጄ ፊቱ ላይ ነው የምቀድለት።»

«ተቀመጪ። ቀደድሽለት እንበል፣ ከዚያስ? አሮጊቷ ሌላ ታወጣለታለች።» ጫማዋን ቀስ ብላ አወለቀች። «ተማሪዎቹ ገና ነው የሚማሩት። አምስተኛ ሳምንት ላይ ነው። መጀመሪያ ይሄ ሰውዬ የሚያውቀውን ነገር ልወቅለት።»

ሠራተኛ የሆነ ሰው አንድ ትምህርት ያለ ክፍያ መከታተል ይችላል። አስተዳደር ክፍል ያለው ጸሐፊ ቅጹን ሲሰጣት «እማማ ቶነር፣ በስተርጅና ሳይኮሎጂ? ማንን ሊያክሙ ነው?» አላት። «አንተን ነው፣ ተራህን ጠብቅ» አለችው። ፈተናው የሚባዛው በእጇ ስለሆነ ግን መፈተን አይፈቀድላትም፤ ማዳመጥ ብቻ። ለእሷ ይበቃት ነበር።

ማክሰኞና ሐሙስ ከምሳ በኋላ ማባዣ ክፍሉን ቆልፋ ሁለተኛ ፎቅ ትወጣለች። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከልጆቿ ከሚያንሱት ጋር ትቀመጣለች፤ ልጅ ቢኖራት ኖሮ ማለቴ ነው። መምህር እህ ሲያያት «ኦ፣ እማማ! ጎበዝ! እንዲህ ነው እንጂ» አለና ክፍሉን አስጨበጨበላት። የጫማውን ታሪክ ከማን አፍ እንደሰማው ረስቶት ነበር። ትንሽ ጥቁር ደብተር አለችው፤ ሰው የነገረውን እዚያ ላይ ይጽፋል፣ የነገረውን ሰው ግን አይጽፍም። እትዬ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ አልተለወጠም። እኔ ግን መተኮሻውን ቀሚስ ላይ ረስቼ የሰው ቀሚስ አቃጠልኩ።

የተማረችውን እኔ ላይ ትሞክረው ጀመር። ክር ሲበጠስብኝ የስፌት መኪናውን በጥፊ ስለው «ማዛወር ይባላል» ትለኛለች። «የተናደድሽው በሌላ ነው፤ የመታሽው እሱን ነው። ማን አናደደሽ?»

«መምህርሽ።»

«እሱን እንግዲህ በጥፊ አንለውም። እኛ ተምረናል።»

አምስተኛው ሳምንት ደረሰ። መምህር እህ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ የባለጫማዋን ሴት ታሪክ በአፉ አወራው፤ ወረቀቱ ላይ ከጻፈው አሳምሮ። ሴትየዋን በአካሄድ ጭምር አስመሰላት አለችኝ፤ ጎንበስ ብሎ ጫማ እንደሚጠርግ ሰው እጁን አወዛወዘ። ክፍሉ ሳቀ። ከኋላ አንዱ ወጠምሻ «መምህር፣ የጫማው ቁጥር ስንት ነው? እሱ ካልመጣ እኔ ልሄድላት እችላለሁ» አለ። ሳቁ ጨመረ። መምህሩም ሳቀ።

ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «እስቲ እማማ፣ እርስዎ ሕይወት አይተዋል። ይህችን ሴት ምን ይሏታል?»

«ጫማ ያላት ሴት እላታለሁ» አለች።

ይህም አሳቃቸው። እሱ ተነስቶ ሰሌዳው ላይ በትልቁ «መካድ» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት። እትዬም ደብተሯ ላይ ጻፈች፣ አሰመረች።

ያን ቀን ቤት ስትገባ ሻይ አልጠጣችም። «ወንድምሽን ሳቁበት» አለችኝ። «እኔን ቢሆን ምንም አልነበረም።» ቀጥላም «እንዲህ በቀላሉ አልለቀውም» አለች። እኔም «እንዳትለቂው» አልኳት። ልመክራት፣ ላበርዳት ይገባኝ ነበር ይሆናል። አላበረድኳትም።

ከዚያ በኋላ ትምህርቱን ትታ እሱን ማጥናት ያዘች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደካማ ጎኑን አገኘችው። ስለ እናት፣ ስለ ሞት የሚነካ ነገር ሲመጣ ፊቱን ወደ ሰሌዳው ያዞራል፤ ግራ እጁም ወደ ኮቱ የውስጥ ኪስ ይገባል። አንድ ሐሙስ ቀድማ ሄደች። በበሩ መስታወት ብታይ ብቻውን ነው። ከኪሱ አሮጌ የመነጽር ቤት አወጣ። ከውስጡ የሴት መነጽር፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠልበት ቀጭን ሰንሰለት ያለው፣ አወጣ። በጨርቅ አበሰው። ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አየው፣ እንደገና አበሰው፣ መለሰው። እሱ መነጽር አያደርግም።

የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ወረቀት ልትወስድ ስትወርድ፣ እትዬ ነገሩን በዘዴ አነሳችው።

«የእናታቸው ነው እኮ» አለች ጸሐፊዋ። «አምና ነው የሞቱት። ስብሰባ ላይ ሆነው ስልክ ሲደወል ሲደወል አላነሱም። ሲደርሱ ተቀብረዋል። እባክዎ ከእኔ ሰማሁ እንዳይሉ።»

ማታ ስትነግረኝ ደስ አለኝ። አላፍርበትም። ደስታው ከደረቴ ተነስቶ ጆሮዬ ድረስ ሞቀኝ።

እሷ ግን እጆቿን እየተመለከተች ቆየች። «እናቱ ምን አደረገችኝ?» አለች።

«ወንድሜስ ምን አደረገው?» አልኳት።

ሳምንታት ነገሩን አላነሳችውም፤ እኔም ትታዋለች ብዬ ነበር። እሱ ራሱ ባይመልሳት ኖሮ ሳትተወው አትቀርም ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ፈተና በፍላሽ ወጥቶ ስለነበር በዚያ ትምህርት ክፍል ፈተና ለማባዣ ክፍል የሚሰጠው በእጅ ጽሑፍ ነው። መምህሩ ጽፎ በታሸገ ፖስታ ያመጣል፣ እትዬ ትተይባለች፣ መምህሩ ተመልሶ የተተየበውን አንብቦ ይፈርማል፣ ከዚያ ይባዛል፤ እሽጉ ላይ እሷ ትፈርምበታለች፤ የሚከፈተው ተማሪው ፊት ነው። ሌሎቹ መምህራን መጥተው ነጠላ ሰረዝ ሳይቀር ያያሉ። መምህር እህ ግን አያነብም። ባዶው ወረቀት ላይ ቀድሞ ይፈርምና «እርስዎን አምናለሁ» ብሎ ይሄዳል። እንደዚያው አደረገ።

ፖስታውን ቀደደች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስተኛው ጥያቄ ባለጫማዋ ሴት ናት። አሥር ነጥብ።

ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ። እትዬ በሥራ ሰዓት ደውላልኝ አታውቅም። «ስሚኝ» አለችና የተየበችውን አነበበችልኝ፦

«ጥያቄ ሦስት። ዕድሜው አርባ ስድስት የሚሆን አንድ አስተማሪ የሟች እናቱን መነጽር በደረት ኪሱ ይዞ ይዞራል። በየቀኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ያብሰዋል። እሱ ራሱ መነጽር አያደርግም። ሀ. ይህ ምን ይባላል? ለ. ሰውየው ከምን እየሸሸ ይመስላችኋል? በተማራችሁት መሠረት አስረዱ።»

በስልኩ ውስጥ አሮጊቷ ስታጉረመርም ይሰማኛል።

«አሥር ነጥብ ይበቃል?» አለችኝ።

«የእኛው ስንት ነበር?»

«አሥር።»

«አሥር ይሁን።»

ፈተናው ጠዋት ነበር፣ በትልቁ አዳራሽ። ወረቀት ቢጎድል፣ ገጽ ቢደበዝዝ ተብሎ አባዢዋ አሥር ትርፍ ቅጂ ይዛ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት በሩ ላይ ትቆማለች፤ ደንብ ነው። ቆመች። መምህር እህ እሽጉን በምላጭ ከፈተ፣ አከፋፈለ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ ቁጭ አለ። አሁንም አላነበበውም።

አሥር ደቂቃ ያህል እስክሪብቶ ብቻ ነበር የሚሰማው። ከዚያ ያ የጫማ ቁጥር የጠየቀው ወጠምሻ እጁን አወጣ።

«መምህር፣ ጥያቄ ሦስት ላይ... ሰውየው እናቱ መሞቷን ያውቃል ወይስ አያውቅም? አልተገለጸም።»

«የቱ ሰውዬ?»

«ባለመነጽሩ።»

መምህሩ «ባለጫማዋ ማለትህ ነው» አለና ወረቀቱን አነሳ። አነበበ። እትዬ እንደነገረችኝ ግራ እጁ ወደ ኪሱ ተነሳና መንገድ ላይ ቆመ፤ ደረቱ አጠገብ በአየር ላይ ቀረ። አንድ መቶ ሠላሳ ሁለት ሰው ቀና ብሎ እየጠበቀው ነው።

«መምህር? ያውቃል ወይስ አያውቅም? መልሱን ይለውጠዋል እኮ።»

«ያውቃል» አለ።

«አልተሰማም!» አሉ ከኋላ።

«ያውቃል አልኩ። መሞቷን ያውቃል።»

ራሶቹ ሁሉ ጎንበስ ብለው መጻፍ ቀጠሉ። እሱ ቀስ ብሎ ወደ በሩ ዞረ። እትዬ አሥሩን ቅጂ ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች። ዓይኗን አልሰበረችም። ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ ትርፉን አስረክባ፣ ፈርማ፣ ደረጃውን ወረደች።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ለበላይ ቢያመለክት ከሥራ እንደምትባረር ሁለታችንም እናውቃለን። ግን ለማመልከት «ባለመነጽሩ እኔ ነኝ» ማለት አለበት። የእጅ ጽሑፉ ከፖስታው ይወጣል፤ «ባለጫማዋስ ማን ናት?» ይባላል፤ ሳያነብ መፈረሙም ይመጣል። ይህን ሁሉ እትዬ ከመተየቧ በፊት አስባበታለች። እኔ ነኝ ዘግይቶ የገባኝ።

ፈተና የሚያርመው ደግሞ እሱ ራሱ ነው። ረዳት የለውም። አንድ መቶ ሠላሳ ሁለት መልስ፣ አንድ በአንድ፣ እስክሪብቶ ይዞ፣ ነጥብ እየሰጠ። በዚያ ሰሞን ራት ላይ ጨዋታችን ይኸው ነበር።

«ዛሬ ስንተኛው ላይ የደረሰ ይመስልሻል?» እላታለሁ።

«አርባኛው።»

«ሠላሳ አምስት በይው። እጁ ይከብደዋል።»

«ወጠምሻው ምን ጽፎ ይሆን?»

«እሱማ ‹ቁጥሩ ስንት ነው› ይላል።»

እንደዚያ ሰሞን አብረን ስቀን አናውቅም። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ እትዬ ስትስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ሳቁ መልካም ሳቅ እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ዳቦው ሁሉ ጣፍጦኝ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን መምህር እህ ማባዣ ክፍል ወረደ። ሌሎቹ እስኪወጡ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። የሚቀጥለውን ዘመን ሃንዳውት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አንድ መቶ አሥራ ዘጠኙ መካድ ነው አሉ» አላት።

«እርስዎ ያስተማሩትን ነው የመለሱት።»

«አንዱ ደግሞ ብዙ ያልተማረ ሰው መሆን አለበት ብሏል።»

«እሱም ሃንዳውቱ ላይ አለ።»

ያንን የድሮውን ወንበር ሳበ፣ ግን ከመቀመጡ በፊት «ጫማው የእርስዎ ነበር?» አላት።

«የባሌ ነው።»

«ረስቼው ነበር። እውነቴን ነው፣ ከማን እንደሰማሁት ረስቼው ነው።»

«አውቃለሁ። እሱ ነው ያስቀየመኝ።»

መምህሩ ተቀመጠ። አንገቱን ዘንበል አደረገ። «ለምንድን ነው የሚጠርጉት? ያኔ አልጠየቅኩዎትም። እህ...»

እትዬ እንደነገረችኝ፣ እዚህ ላይ አፏ ሊከፈት ነበር። ሁለት ዓመት ተኩል ይህን የሚጠይቃት ሰው ስትጠብቅ ነበር። ያን ጠዋት፣ አቧራውን፣ «እጅህን ምን በላው» ማለቷን ልታወራው ምላሷ ላይ ነበር። የተቀመጠበትን ወንበር አየች። የኮቱን ኪስ አየች፣ ጥቁሯ ደብተር ያለችበትን በአንድ በኩል፣ መነጽሩ ያለበትን በሌላ በኩል። ከዚያ ሃንዳውቱን ሳበችና ገጾቹን ቆጠረች።

«ስንት ቅጂ?» አለችው።

ትንሽ ጠበቃት።

«መቶ አርባ» አለና ተነሳ።

ሰባተኛው ገጽ ላይ ምሳሌ ሁለት ነበር፤ ከሥሩ ምሳሌ አራት። «ቁጥሩ ዘሏል፣ መምህር» ብላ ከኋላው ጠራችው።

«ይዝለል» አለ ሳይዞር።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት እትዬ የቀለሙን ቆርቆሮ ስትከፍት እኔ ሻይ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ወንድሜ የሞተ ቀን ጠዋትም እንዲሁ ሻይ ይዤ ነበር የተቀመጥኩት። እጄ ባዶ ነበር። ጫማው ከእኔ ሁለት እርምጃ አይርቅም። «አምጣው እኔ ልጥረግልህ» ማለት እችል ነበር፤ አላልኩም፤ ከእሱ ጋር አብሬ ሳቅኩ እንጂ። ይህን ለእትዬ ነግሬያት አላውቅም። ታውቀዋለች።

ብርጭቆውን አስቀምጬ የግራውን ጫማ ወሰድኩ። ቀና ብላ አየችኝ፣ ሁለተኛውን ጨርቅ ወረወረችልኝ። ስንጠርግ ቆየን።

«ያን የመነጽሩን ጥያቄ ከኮምፒውተሩ አጠፋሽው?» አልኳት።

«ምን አጠፋዋለሁ?» አለች። «ምሳሌ ሦስት ወደ ሃንዳውቱ የተመለሰ ዕለት ያስፈልገኛል።»

ጫማውን ከእጄ ተቀብላ ከጓደኛው ጋር በሩ ሥር አቆመችው፣ አፍንጫውን ወደ ውጭ።